አንድ መቀመጫ ያላት ቀይ መኪና

እስካሁን አብራችሁን የሰነበታችሁ የኖሪንን ቂም ታውቁታላችሁ። ዛሬ ገና ለምትቀላቀሉን ደግሞ ይኸው ባጭሩ። ኖሪን ታተርሶል የሸማኔ ልጅ ናት፤ ጁልያን ሆልዴን ደግሞ የሽመና ፋብሪካው ባለቤት ልጅ። ይዋደዱ ነበር። ከዚያ የሆልዴን ቤተሰብ ፋብሪካውን ዘጋ፣ ፋብሪካው በተዘጋ በሰባተኛው ወር የኖሪን አባት ሞተ፣ ጁልያን ለቀብሩ እንኳ ሳይደርስ ከከተማው ጠፋ። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው። በየዓመቱ በሆልዴኖች የአትክልት ስፍራ በሚደረገው የበጋ በዓል ላይ፣ ልክ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ተመልሶ የመጣው ጁልያን አራቤላ ለምትባል ልጅ መታጨቱ በድምፅ ማጉያ ይነገራል። ኖሪንም ለዚያች ሰዓት ብላ መኪና ሠርታለች።

አልገዛችም፣ ሠርታለች። ያውም መጋረጃ ሰፊ ሆና፣ ቡሎንና ዳዶ ለይታ ሳታውቅ።

ራምስክላፍ በምትባለው ከተማቸው ውስጥ ጓሮ ያለው ወንድ ሁሉ አንድ ቀን እሠራታለሁ የሚላት መኪና አለችው። አሮጌ መኪና ፈልጎ የላይ አካሏን ያነሳል፣ ወለሏንና ሞተሯን ያስቀራል፣ በፖስታ ያዘዘው የፋይበር አካል በትልቅ ሳጥን ሲመጣለት በአሮጌው አጥንት ላይ ያስራል። አብዛኞቹ ሳጥኑን ከፍተው፣ የመመሪያውን መጽሐፍ ሁለት ገጽ አንብበው፣ ሚስታቸውን ሻይ አምጪ ብለው እዚያው ላይ ያቆማሉ። ኖሪን አላቆመችም። እነሱን የያዛቸው ምኞት ነው፣ እሷን የያዛት ቂም። ቂም ደግሞ ሻይ አይጠጣም።

አሁን የሆልዴኖችን አትክልት በጀርባው ከሚያዋስነው፣ በድንጋይ ከተሠራው የአባቷ መጋዘን ውስጥ የቆመችው መኪና ቀይ ናት፤ ዝቅ ያለች፣ ጣሪያ የሌላት፣ አፍንጫዋ ሾል ያለ። አጥንቷ ግን የጁልያን ቮልስ ነው። ወለሏ እስካልተቀየረ ድረስ ሰሌዳዋም አይቀየርም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ከኋላዋ የተንጠለጠለው ቁጥር 417 ከተማው ሁሉ የሚያውቀው የጁልያን ሆልዴን ቁጥር ነው። ኖሪን ያንን ሰሌዳ በጥርስ ሳሙና ፈግፍጋ አብርታዋለች።

"እንግዲህ በሆልዴኖች ዋና በር ፊት ለፊት በሙሉ ኃይሌ አልፋለሁ" አለች፣ ሰፌድ የምታህለውን መሪ እየጨበጠች። "እናቱ ማጉያውን ስትይዝ፣ እሱ ከዚያች ልጅ ጎን ሲቆም፣ እንደ ንፋስ። መኪናውን ያውቃታል። ሁሉም ያውቋታል። አንጀቱ ቅጥል ይበል።"

አጎቷ ዋልተር በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ የድንች ፓይ ይበላል። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ መንዳት እንጂ መፍታት አያውቅም።

"ሁለተኛው መቀመጫስ፣ ልጄ?" አለ።

"የለም።"

"ሳጥኑ ላይ ሁለት ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ።"

"እኔ አንድ ነኝ" አለች። "አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይቀመጥም።"

ዋልተር ፓዩን አላመጠ። ከሾፌሩ ወንበር ጎን ያለው ባዶ ወለል ጥቁር ሆኖ ያፈጥበታል። የመኪናዋ ነገር ሁሉ አምሮ ሳለ ያ ባዶ ቦታ ብቻ አልጣመውም።

ያቺን ቮልስ እንዴት እንዳገኘቻት ልንገራችሁ። የአባቷ ቀብር ዕለት ጠዋት በሩ ላይ ቆማ አገኘቻት። ቁልፉ በበሩ የፖስታ ቀዳዳ ገብቶ ምንጣፉ ላይ ወድቋል። ሰው የለም፣ ቃል የለም። ኖሪን ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ቁልፉን መዳፏ ላይ አድርጋ ቆመችና የገባት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ጉርሻ። ለአሳላፊ እንደሚጣል ያለ ጉርሻ። ሴት ልጅን ሦስት ዓመት አፍቅረህ፣ አባቷ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ፣ አሮጌ መኪናህን በሯ ላይ ጥለህ ትሄዳለህ!

አልነካቻትም። ከዓመት በላይ ዝናብ ላይ አቆየቻት። ወደ ሥራ ስትሄድ ፊቷን አዙራ ታልፋታለች፣ ስትመለስ ፊቷን አዙራ ትገባለች። ከዚያ አንድ ቀን ቆራርጬ ሌላ አደርጋታለሁ ብላ ተነሳች።

የኋላውን ወንበር ያነሳች ቀን ከሥሩ የጁልያን ደብዳቤ ወጣ። እዚያ መሆኑን መገመት ነበረባት። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ከባትሪው ጎን ያለችው ክፍተት ደግሞ የሁለቱ የፖስታ ሣጥን ነበረች። ጁልያን መኪናዋን ከልብስ ስፌት ቤቱ ፊት ያቆማል፣ ኖሪን ስታልፍ ወረቀቷን ሸጉጣ የእሱን ይዛ ትሄዳለች። እናቱ አታይ፣ አባቷ አያይ። በፍቅር ዘመናቸው ባትሪው አዲስ ነበር። ዝናብ ላይ ከከረመ በኋላ ግን ሆዱ ተሰነጠቀና አሲዱ ፈሰሰ። ከደብዳቤው የተረፈው የመዳፍ ግማሽ የምታህል፣ ዳሯ እንደተቃጠለ ብስኩት የሆነ ቡኒ ቁራጭ ናት። በላይዋ ላይ የሚነበቡት እነዚህ ቃላት ብቻ ናቸው፦

ወደ ቤተ ክርስቲያን ፈጽሞ አልመጣም

በቃ። ኖሪን ቁራጯን የአዝራር ቆርቆሮዋ ውስጥ ከተተቻት። እጇ ሲዝል፣ ቡሎን አልፈታ ሲላት፣ ጣቷ ሲላጥ፣ ቆርቆሮውን ከፍታ ታነባታለች፤ ከዚያ ተመልሳ ቡሎኑን ትፈታዋለች።

የእጮኝነቱን ዜና ያነበበችው ደግሞ የማርሽ ሣጥኑ ዘይት ያንጠባጥብ ስለነበር ፈትታ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በዘረገፈችበት ቀን ነው። ጠረጴዛው እንዳይበላሽ የሳምንቱን የከተማ ጋዜጣ አንጥፋበታለች። የሞተሩን ዙር ለጎማዎቹ የሚያስተላልፈውን ዲፈረንሻል ስታነሳ ከሥሩ የጁልያን ፎቶ ብቅ አለ፣ ጉንጩ ላይ ዘይት ተለቅልቆ። ከጎኑ አራቤላ። ከሥሩ የእናቱ የወይዘሮ ሆልዴን ጽሑፍ፣ እጮኝነቱን በበጋው በዓል ላይ "በታላቅ ደስታ" እንደምታበስር የሚገልጽ።

ኖሪን አላለቀሰችም። ጥርሷን ነክሳ፣ ዓይኗ እየጨሰ፣ መመሪያውን አንድ ጊዜ እንኳ ሳትገልጥ ያንን ሁሉ ጥርሳም ብረት መልሳ ገጠመች። በማግስቱ መኪናዋን በክሪክ አንስተው ሞተሩን ሲያስነሱ፣ ከመሪው ላይ ሆና "ጎማዎቹ ዞሩ?" ብላ ጮኸች።

"ዞሩ!" አለ ዋልተር።

በዚህ ተደስተው ሻይ ጠጡ። መጋዘኑ ጠባብ ስለሆነ ለመንዳት ቦታ አልነበረም፤ የመጀመሪያውን መንገዷን ኖሪን ለዛሬ አስቀመጠችው። እነሆ ዛሬ ሆነ፣ ደረቷም ውስጥ ከቂም በቀር ለሌላ ነገር ቦታ ያለ አይመስላትም ነበር።

* * *

ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሞተሩን አስነሳች። ያ የቮልስ ድምፅ፣ ከኋላ ቱር ቱር የሚለው፣ መጋዘኑን ሞላው። ሞተሩ እስኪሞቅ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ዋልተር ሄዶ የፊቱን በር በሁለት እጁ ከፈተ። ከፍቶም እዚያው ክው ብሎ ቀረ።

ጁልያን በሩ ላይ ቆሟል። ነጭ ኮት ለብሷል፣ ኮቱ ላይ አበባ ሰክቷል። ከአትክልቱ እስከ መጋዘኑ በመንገዱ ዞሮ ሮጦ መምጣቱ ከትንፋሹ ያስታውቃል። ከስቷል። ኖሪን መክሳቱን በማየቷ በራሷ ተናደደች።

"ድምጿን ሰማሁት" አለ። "ባንዱ እየተጫወተ እንኳ ሰማሁት። ያቺን ሞተር ከሺህ መሀል አውቃታለሁ።"

ኖሪን ሞተሩን አጠፋች። "ምን ልታዘዝ፣ ጌታ ሆልዴን? ለሠርግዎ መጋረጃ ፈልገው ነው?"

"ኖሪን፣ እንደዚያ አትጥሪኝ።"

"ታዲያ ምን ልበልዎ? ስምዎን ረስቼዋለሁ። በጋዜጣ ላይ ዘይት ፈሶበት አልነበብ አለኝ።"

ጁልያን ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባ። ዓይኑ መኪናዋ ላይ ነው። ከአፍንጫዋ ጀምሮ ቀስ ብሎ እስከ ወንበሯ አየና እዚያ ቆመ፤ አንዱን መቀመጫ አየ፣ ባዶውን ወለል አየ። ፊቱ ተለዋወጠ። ኖሪን ይህንን ስታይ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧ ቅቤ ጠጣ።

"ቆርጠሻታል" አለ።

"እንደ ዶሮ ገነጣጥያታለሁ! የት ነበርክ አባቴ ሲቀበር?" አክብሮቱ ሳታውቀው ከአፏ ጠፋ። "መንገድ ላይ ያየኸው ውሻ እንኳ ሲሞት ኮፍያህን ታነሳ ነበር፣ ጁልያን! አባቴ አንድ ቀን ክፉ አልተናገረህም። የኔን አባት ሳጥን ስድስት ሰው ሲሸከም አንዱ አንተ ትሆናለህ ብዬ ዓይኔ በር በሩን ሲያይ ነበር።"

"ጽፌልሽ ነበር። የምታውቂው ቦታ አስቀመጥኩልሽ።"

"አዎ! አግኝቼዋለሁ!" የአዝራር ቆርቆሮዋን ከመሪው ሥር አወጣች። ክዳኑን ስትከፍት አዝራሮቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ፤ ግድ አልሰጣትም። ቁራጯን ፊቱ ላይ ዘረጋችለት። "ይኸው። ያንተ የእጅ ጽሑፍ ነው አይደል? 'ወደ ቤተ ክርስቲያን ፈጽሞ አልመጣም።' እንዴት ያለ አጭር ፍቅር ነው!"

ጁልያን ቁራጯን ተቀበላት። አገላብጦ አያት፣ ዳሯን በጣቱ ነካው፤ ፍርፍር አለ። ቀለሙ ከፊቱ ሲወርድ ታየ።

"ሁለት ገጽ ነበር" አለ በቀስታ። "ኖሪን፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ነበር። በቃሌ ልነግርሽ እችላለሁ። 'ወደ ቤተ ክርስቲያን ፈጽሞ አልመጣም፣ እንዳልመጣ ተለምኛለሁ። ከሆልዴን ቤት የሆነ ሰው መቃብሩ ላይ ቢቆም ደም እንደሚያፈሱ ሸማኔዎቹ ምለዋል። የአባትሽን ቀብር የጠብ ሜዳ አላደርገውም። ግን እሑድ ከኮረብታው ጫፍ፣ ከድንጋዩ ምንጭ አጠገብ እስኪጨልም እጠብቅሻለሁ። መኪናዋን ይዘሻት ነይ፣ አብረን እንሄዳለን። ካልመጣሽ ቤተሰቤን ይቅር ማለት እንዳልቻልሽ አውቃለሁ።' እንዲህ ነበር የሚለው። ቀኑን ሙሉ ቆምኩ። ዝናብ ነበር። አልመጣሽም።"

ኖሪን ቀስ ብላ ወደ አጎቷ ዞረች።

"ማን ነው እንዳይመጣ የለመነው?"

ዋልተር ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል። "እኔ ነኝ፣ ልጄ። እውነት ነው፣ ምለው ነበር። ደም ይፈስ ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ነገ እነግራታለሁ እያልኩ..." ድምፁ ተሰበረ። "ነገ እያልኩ ሁለት ዓመት ሆነ። አንቺም መኪናዋን ስትፈቺ ደስ ያለሽ ይመስል ነበር።"

አንባቢዬ እዚህ ላይ እንባ ይጠብቅ ይሆናል፤ ትሮጣለች፣ አንገቱ ላይ ትጠመጠማለች ብሎ። ኖሪንን አያውቃትም። እውነቱ ልቧን ስንጥቅ አድርጎት ገባ፣ ዝናብ ላይ የቆመውም ጁልያን በዓይኗ መጣባት። ግን ከአፏ የወጣው ቁጣ ነበር።

"ወረቀት!" አለች። "እስከ ቤቴ በር ድረስ መኪና ነድተህ መጥተህ፣ ቁልፉን በበሩ ቀዳዳ አስገብተህ፣ በሩን ማንኳኳት አቃተህ? እኔ እኮ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ! አባቷን የምትቀብር ሴት በመኪና ወንበር ሥር ደብዳቤ ትፈልጋለች? አንተ ወረቀት ጻፍክ፣ እሱ ነገ አለ፣ በመሀል የተቃጠልኩት እኔ ነኝ!"

"ፈሪ ነበርኩ" አለ ጁልያን።

"ነበርክ? ዛሬስ? ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን ልትሆን ነው?"

ከአትክልቱ በኩል የባንዱ ሙዚቃ ሲቆምና የእናቱ ድምፅ በማጉያው ሲጀምር ተሰማ። "ውድ ወዳጆቼ..."

ኖሪን ሞተሩን አስነሳች። "ዞር በል ከፊቴ።"

"አልልም።"

"እገጭሃለሁ።"

"ግጪኝ" አለና ከመኪናዋ አፍንጫ ፊት ተገተረ። "ግጪኝና ይውጣልሽ። የዛሬ ሁለት ዓመት በር ላይ መቆም አቃተኝ፣ አሁን ቆሜያለሁ።"

አልዋሻችሁም፤ ሴትዮዋ ከልቧ ነበር። ዓይኗን ጨፈነች፣ ፍሪሲዮኑን ረገጠች፣ አንደኛ ማርሽ አስገባች፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ ሰጠችና እግሯን አነሳች። በዚያች ቅጽበት ከጁልያን ሆልዴን አብልጣ የጠላችው ሰው በዓለም ላይ አልነበረም፣ አብልጣ የወደደችውም።

* * *

መኪናዋ ወደ ኋላ ተወረወረች።

ከመጋዘኑ ጀርባ ድሮ የጋሪ በር ነበረ፣ ወደ ሆልዴኖች አትክልት የሚያስገባ። ጁልያንም በዚያ በር ነበር ተደብቆ የሚመጣው። ወይዘሮ ሆልዴን ነገሩን የደረሰችበት ቀን በአሥራ ሁለት ሳንቃ አስቸነከረችው። ሳንቃው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በዝናብ ሲበሰብስ ከርሟል። ቀዩዋ መኪና በኋላዋ መታችው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጓ! አለ፣ ብርሃንና አቧራ ባንድ ላይ ገባ፣ ኖሪንም ዓይኗን ስትከፍት ሰማይ አየች።

መጀመሪያ የታየው ሰሌዳው ነው። የከተማው ሰው ሻይና ኬኩን እንደያዘ ዞሮ ከጽጌረዳው መሀል ቁጥር 417 ሲወጣ አየ። ከዚያ ቀይ ጅራት፣ ከዚያ ጎማ፣ በመጨረሻ ፀጉሯ ላይ የሳንቃ ስብርባሪ የሞላባት መጋረጃ ሰፊ።

"ያ... ያ የጁልያን ቁጥር አይደለም?" አለ አንድ ጥሩምባ ነፊ።

ወይዘሮ ሆልዴን ማጉያውን እንደያዘች መድረኩ ላይ ቆማለች። ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ ሰማያዊ ባርኔጣ የደፋች ሴት ናት። "ይህ ምን ዓይነት ድፍረት ነው!" አለች፤ ማጉያው ቃሏን ለሁሉም አደለው። "አንቺ ልጅ፣ በየት ነው የገባሽው?"

ኖሪን መቀመጫዋ ላይ ቆመች። የዛሬ አምስት ዓመት መጋረጃ ልትለካ መጥታ የዋናውን በር ደወል የነካች ዕለት ይህቺው ሴት የነገረቻት ቃል ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር።

"በጓሮ በር ነዋ፣ እሜቴ" አለች። "የሥራ ሰዎች የሚገቡት በጓሮ በር ነው ብለውኝ አልነበር? ይኸው እንዳዘዙኝ።"

ሳቁ ከሸማኔዎቹ ጠረጴዛ ተነሳ። ወይዘሮ ሆልዴን በርበሬ መሰለች። ኖሪን በደስታ ተጣድፋ ተቀመጠች፤ አሁን ተፈትልኮ መሄድ ነው፣ እንደ ንፋስ! አንደኛ ማርሽ አስገባች። መኪናዋ ወደ ኋላ ሄዳ ጽጌረዳ ደፈጠጠች። ሁለተኛ አስገባች። ወደ ኋላ፣ ሌላ ጽጌረዳ። ያኔ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ትዝ አላት፣ ያ ጋዜጣ፣ ያ ሳያዩ የተገጠመ ብረት። አጎቷን ጎማዎቹ ዞሩ ብላ ጠይቃው ነበር፤ ወደ የት ብላ ግን አልጠየቀችውም።

"እንደ ባለቤቷ ናት" አለች ወይዘሮ ሆልዴን በማጉያው፣ ቀስ ብላ፣ እያጣጣመች። "ወደ ፊት መሄድ አታውቅም።"

አሁን የተሳቀው በኖሪን ነው። ያን ሁሉ የደከመችበት በቀል በገዛ ፊቷ ተገለበጠ። መሪው ላይ ልትደፋ ምንም አልቀራትም ነበር።

በተሰበረው በር ጁልያን ወጣ። ነጩ ኮቱ በአቧራ ግራጫ ሆኗል። በሕዝቡ መሀል አልፎ መጥቶ ከመኪናዋ ጎን ሳሩ ላይ ተንበረከከ።

"ዲፈረንሻሉን ገልብጠሽ ገጥመሽዋል" አለ በሹክሹክታ።

"መቼ እንደገጠምኩት ታውቃለህ? ጋዜጣው ላይ ያየሁህ ቀን ነው።"

"እንግዲያው የገለበጥኩት እኔ ነኝ" አለ። "ስሚኝ። አራቱ ማርሾች ወደ ኋላ ነው የሚወስዱሽ። አንድ ወደ ፊት ቀርቶሻል።"

"የቱ?"

"የኋላው ማርሽ። ዘንጉን ወደ ታች ተጭነሽ፣ ወደ ግራ፣ ከዚያ ሳቢው። ግን ቀርፋፋ ነው፤ እንደ ሰው እርምጃ ነው የምትሄደው።"

"ጁልያን!" እናቱ ጠራች። "አሁኑኑ ተነስና ወደዚህ ና። አራቤላ እየጠበቀችህ ነው። ሰው ሁሉ እየጠበቀህ ነው።"

ኖሪን አላየችውም። ፊት ለፊቷን አየች። ና ብትለው ለእሷ ሲል ይመጣል፤ እሷ የፈለገችው ሳትጠራው በሩን እንዲያንኳኳ ነው።

ጁልያን ተነሳ። አበባውን ከኮቱ ነቀለና ወደ መድረኩ ዞረ። ማጉያ አልነበረውም፣ ግን ተሰማ።

"እማማ፣ ዛሬ የሚነገር እጮኝነት የለም። የቶም ታተርሶል ቀብር ላይ መቆም ሲገባኝ አልቆምኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የትም ቆሜ አላውቅም። እዚህ እቆማለሁ።" ከዚያ ወደ አራቤላ ዞረ። "አራቤላ፣ በደልኩሽ።"

አራቤላ የሻይ ሲኒዋን አስቀመጠች። ዓይኖቿ ቀልተዋል፣ አገጯ ግን ከፍ ብሏል። "ከተዋወቅን ጀምሮ ስለዚህች መኪና ሲያወራኝ" አለች ለወይዘሮ ሆልዴን፣ "እኔ መኪና መስሎኝ!" ቀለበቷን አውልቃ ከኬኩ ሳህን ጎን አኖረችው። በዚያ አትክልት ውስጥ በዚያች ሰዓት ከእሷ የበለጠ ኖሪንን የተረዳት ሰው አልነበረም፤ ሁለቱ ሴቶች ተያዩና ኖሪን አፈረች።

* * *

ዘንጉን ወደ ታች ተጫነች፣ ወደ ግራ፣ ሳበችው። ፍሪሲዮኑን ለቀቀች።

መኪናዋ ወደ ፊት ሄደች።

ቀስ ብላ ነበር። ሞተሩ እንደ ተናደደ ንብ ይጮሃል፣ ጎማው ግን እንደ ሽማግሌ ይራመዳል። እንደ ንፋስ አልፋለሁ ያለችው ኖሪን በሆልዴኖች ሣር ላይ በእግረኛ ፍጥነት ተጓዘች፤ በኬኩ ጠረጴዛ አጠገብ፣ በባንዱ አጠገብ፣ በመድረኩ ፊት። ጁልያን እጁን በሯ ላይ አድርጎ ከጎኗ ይሄዳል።

እና ቀስ በቀስ አንድ ነገር ገባት። እንደ ንፋስ ብታልፍ ኖሮ የሚያዩት አቧራ ብቻ ነበር። አሁን ግን ሰው ሁሉ የሚያይበት ጊዜ አገኘ። ሸማኔዎቹ ቆመው ባርኔጣቸውን አነሱ፣ ለመኪናዋ ሳይሆን ለቶም ታተርሶል ልጅ። ወይዘሮ ሆልዴንም ዓይኗን የምታሳርፍበት ሌላ ቦታ አጣች፤ ከሣሩ ጫፍ እስከ ሣሩ ጫፍ፣ አንድ በአንድ፣ ልጇ የሸማኔ ልጅ መኪና ጎን በእግሩ ሲሄድ ማየት ነበረባት። ኖሪን መሪውን ይዛ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ ነዳጁን አልጨመረችም። ብትጨምርም ለውጥ አልነበረውም፣ ግን አልጨመረችም።

ዋናው የብረት በር ላይ አጎቷ ዋልተር ቀድሞ ደርሶ ሁለቱንም መዝጊያ ከፍቷል። ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዟል፣ እንባው ጢሙ ውስጥ ይወርዳል። ሲያልፉ ኖሪን እጇን ዘርግታ ጉንጩን ነካችው።

በጓሮ ገብታ በዋናው በር ወጣች።

መንገዱን ያዙ። የባንዱ ድምፅ ከኋላቸው ተነሳ።

"ወዴት ነው?" አለ ጁልያን።

"ኮረብታው ጫፍ። የድንጋዩ ምንጭ ጋ።"

"አራት ማይል ነው እኮ፣ ኖሪን። ሁሉም ዳገት።"

"ዕለቱን ሙሉ ጠብቄሻለሁ አላልክም? ዛሬ ደግሞ እኔ እየነዳሁ፣ አንተ በእግርህ። ከደከመህ ተመለስ።"

"አልመለስም።"

"እናያለን።"

የሚያብረቀርቀው ጫማው ጠጠሩ ላይ ይንሸራተታል። ኮቱን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣለ። ትንሽ ቆይቶ፣ ባዶውን ወለል እያየ፣ "ሁለተኛውን መቀመጫ ምን አደረግሽው?" ሲል ጠየቀ።

"አቃጠልኩት" አለች ኖሪን።

ውሸት ነበር። መቀመጫው መጋዘኑ ጣሪያ ሥር ካለው መደርደሪያ ላይ በሳጥኑ ተቀምጧል፤ በገዛ እጇ የሰፋችው ቀይ ልብስ ለብሷል፣ ስፌቱ ከራሷ መቀመጫ ስፌት ይበልጥ የተጠነቀቀችበት ነው። ለመግጠም አራት ቡሎን ብቻ ነው የሚፈልገው። ይህንን ልትነግረው አፏን ልትከፍት ብላ ተወችው። እጁ በሯ ላይ ነበር፣ ሙቀቱ በፋይበሩ አልፎ የሚሰማት ይመስላት ነበር፣ ዓይኖቿም ሞልተዋል።

ነገ ትነግረዋለች። ዛሬ ይራመድ።